ቴርሞስታት ገንዘብ ይቆጥባል ወይ? (ለሚኒያፖሊሶቹ ሦስት ደባሎች፣ ለሌሎቻችሁም)

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ብርድ አገር የምትኖሩ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ወደ ታች ስለ ከሰል የጻፍኩት ነገር አለ፣ እሱን ሳታዩ እንዳታልፉ አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ከዓመታት በፊት 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ ከሚኒያፖሊስ ደወለች። እዚያ እኩለ ቀን ነው። ሰላምታውን ሳንጨርስ "ቲቸር፣ አንድ ነገር ዳኘን" አለችኝ። ከሁለት ሌሎች ሐበሻ ሴቶች ጋር በደባልነት ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። የጥር ወር የጋዝ ቢል 168 ዶላር መጣ። ለሦስት ሲካፈል 56፣ 56 ዶላር መሆኑ ነው። እና ቤቱ ተጣላ።

አንደኛዋ "ከቤት ስንወጣ ማሞቂያውን እናጥፋው" ትላለች። ሁለተኛዋ "የለም፣ የቀዘቀዘ ቤት እንደገና ማሞቅ ይብሳል፣ እንደበራ ይቆይ" ትላለች። ተማሪዬ ደግሞ አስታራቂ ልሁን ብላ፣ አከራዩን አስፈቅዳ፣ በ129 ዶላር ፕሮግራም የሚደረግ ቴርሞስታት ገዝታ አስገጠመች። ሰዓት ሞልተህ ትተወዋለህ፣ በራሱ ጊዜ ሙቀቱን ዝቅና ከፍ ያደርጋል። ዋጋውን ለሦስት እንካፈል ስትል ሁለቱም "እኛ ግዢ አላልንሽም" አሏት። ደወለችልኝ እንግዲህ።

በፈቃዷ ነው የምጽፈው፣ ስሟን ግን አልጠቅስም። የእሷ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ ነው እዚህ ማምጣቴ። በዚህ ዓመት ብቻ ከካናዳም ከኖርዌይም ተመሳሳይ ነገር ተጠይቄያለሁ።

መጀመሪያ ግን እውነቱን ልናገር። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት። ብርድ አውቃለሁ። ማሞቂያ ባለው ቤት ውስጥ ግን አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። የእኔ ቴርሞስታት ጋቢ ነው። ግን ፊዚክሱ ደብረ ብርሃንም ሚኒያፖሊስም አንድ ነው። ደግሞ ከፊዚክሱ ውጭ የሆነውን ነገር ያስተማረችኝ ራሷ ተማሪዬ ናት፣ እመጣበታለሁ።

ቴርሞስታት ምንድነው?

ካውያ ቤታችሁ አለ አይደል? ስትሰኩት ትንሿ ቀይ መብራት ትበራለች፤ ሲግል "ቀጭ" ይልና ትጠፋለች፤ ቀዝቀዝ ሲል መልሳ ትበራለች። ያ ቴርሞስታት ነው። ክፍል ውስጥ ናስና ብረት የተጣበቁበትን ዝርግ እሳት ላይ ስናደርገው ወደ አንድ ጎን ሲጎብጥ አይታችኋል። ናሱ ከብረቱ የበለጠ ስለሚለጠጥ ነው። ሲጎብጥ ገመዱን ያላቅቃል፣ ሲቀዘቅዝ ቀንቶ ያገናኛል። በቃ። ዛሬ በዲጂታል ቢቀየርም ሥራው ያው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ቤቱ የፈለግነው ሙቀት ላይ ሲደርስ የሚያጠፋ፣ ሲወርድ የሚያበራ።

ይሄን ካወቅን አንድ የተሳሳተ ልማድ ወዲያው ይወድቃል። ብዙ ሰው በርዶት ሲገባ ቶሎ እንዲሞቅለት ቁጥሩን እስከ ጣሪያ ይሰቅለዋል። ቴርሞስታት የመኪና ነዳጅ መስጫ አይደለም! 21 ላይ አድርጉት 30 ላይ፣ በአብዛኛው ቤት ማሞቂያው የሚሠራው በዚያው ጉልበት ነው፤ ልዩነቱ የት ላይ እንደሚያቆም ነው። 30 ላይ አድርጋችሁ ከረሳችሁት፣ ቤቱ ያለፈውን ሙቀት ሁሉ በገንዘባችሁ እየገዛችሁ ነው።

"እንደገና ማሞቅ ይብሳል" እውነት ነው?

አይደለም። ይሄን ሐሳብ ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የምሰማው ነው፣ አስተማሪዎች ሳይቀሩ ይሉታል። ስሙኝ፦ ከታች ቀዳዳ ያለው ጀሪካን አስቡ። ውሃው ሙሉ ሲሆን በኃይል ይፈሳል፣ ሲጎድል ፍሰቱ ይዳከማል። ስምንት ሰዓት ውሃ የማትጠቀሙ ከሆነ፣ ሙሉ ሆኖ እንዲቆይ እየጨመራችሁ ብትጠብቁ ነው ብዙ ውሃ የምታባክኑት ወይስ ጎድሎ ይቆይና ስትመጡ ብትሞሉት? ጎድሎ ቢቆይ ትንሽ ነው የሚፈሰው። ስትመጡ የምትሞሉት የጎደለውን ብቻ ነው።

ቤትም ሙቀትን እንደዚያ ያፈሳል፤ በመስኮት፣ በጣሪያ፣ በበር ስር። የሚያፈሰው በውስጥና በውጭ ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። ኒውተን ስለ መቀዝቀዝ ያወጣውን ሕግ አስታወሳችሁ? ለፈተና ሸምድዳችሁ የረሳችሁትን! እሱ ነው።

እናስላው። ሚኒያፖሊስ ጥር ላይ አማካይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ 21 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 30 ነው። ቴርሞስታቱን ወደ 17 ብታወርዱት ልዩነቱ 26 ይሆናል። ከ30 ላይ 4 ቀነሳችሁ፣ ማለትም 13 በመቶ ያህል። ይሄን ግን በቀን ለ8 ሰዓት ብቻ ነው ያደረጋችሁት፣ የቀኑን አንድ ሦስተኛ። ስለዚህ ከቀኑ ፍጆታ የምትቆጥቡት ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። ቤቱ ወዲያው ስለማይቀዘቅዝ እንዲያውም ከዚያ ትንሽ ያንሳል።

አየሩ ለዘብ ሲል በመቶኛው ይጨምራል። ውጭ 5 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 16 ነው፤ 4 ስትቀንሱ ሩቡን ቀነሳችሁ፤ ለ8 ሰዓት ሲሆን ወደ 8 በመቶ ይመጣል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በቀን ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት (ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው) ብትቀንሱ በዓመት እስከ 10 በመቶ ትቆጥባላችሁ የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። "እስከ" የምትለዋን ቃል ግን አስምሩባት።

ስለዚህ በክርክሩ "እንቀንሰው" ያለችው ልጅ ፊዚክሱን ይዛለች። ቁጠባ አለ። ግን ተአምር አይደለም።

እቃው ነው ወይስ እጃችን?

አሁን ልብ በሉ፦ እስካሁን ባሰላሁት ሁሉ ውስጥ "ፕሮግራም" የሚል ቃል የለም። የቆጠበው ሙቀቱን ዝቅ ማድረጉ ነው። ማታ ስትተኙ በእጃችሁ ዝቅ ብታደርጉት፣ ጠዋት ከፍ ብታደርጉት፣ ቁጠባው ያው ነው። ባለ 129 ዶላሩ እቃ የሚሸጥላችሁ ሙቀት ወይም ቁጠባ አይደለም፤ የሚሸጥላችሁ ማስታወስን ነው። የማትረሱ ከሆነ ምንም አይጨምርላችሁም። የምትረሱ ከሆነ ይጠቅማችኋል፣ በትክክል ከሞላችሁት።

ችግሩ ያለው እዚህች "በትክክል ከሞላችሁት" ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ደርሰውበታል። ኢነርጂ ስታር የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ለሆኑ እቃዎች የሚሰጥ የመንግሥት ምልክት አለ፤ ፍሪጅና ኮምፒውተር ላይ ሰማያዊ ኮከብ ሆኖ ታዩታላችሁ። ፕሮግራም ለሚደረጉ ቴርሞስታቶችም ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ ይሄ እንዲቆም ተደረገ። ለምን? የእቃው መኖር ብቻ ቁጠባ እንደሚያመጣ እርግጠኛ መሆን ስላልተቻለ። የሎረንስ በርክሌይ ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ሰዎች እንዴት እንደሚጠቀሙበት ሲያዩ፣ ብዙው ሰው ፕሮግራም አያደርገውም፤ "ሆልድ" የምትለዋን ተጭኖ እንደ ድሮው በእጁ ነው የሚቆጣጠረው። ቁልፎቹ ትንንሽ፣ መመሪያው አሰልቺ። ቆይቶ በስልክ የሚታዘዙት፣ ሰው ቤት መኖሩን የሚያውቁት ዘመናዊዎቹ መጡና ምልክቱ ለእነሱ ተመለሰ። የእነሱ አማካይ ቁጠባ ተብሎ የሚነገረውም ከማሞቂያና ማቀዝቀዣ ወጪ ወደ 8 በመቶ ነው።

በነገራችን ላይ ለአስተማሪዎች የምትሆን ታሪክ አለችኝ። የክፍልን ሙቀት የሚጠብቀውን የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት እ.ኤ.አ. በ1883 ያስመዘገበው ዋረን ጆንሰን የሚባል ሰው ነው። ሥራው? አስተማሪ! ከሚኔሶታ አጎራባች በሆነችው በዊስኮንሲን፣ ዋይትዋተር ከተማ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር። የጽዳት ሠራተኛው ሙቀቱን ለማየት በየክፍሉ እየገባ ትምህርት ያቋርጥበታል፤ አይቶ ደግሞ ምድር ቤት ወርዶ እሳቱን ያስተካክላል። ጆንሰን ሲሰለቸው፣ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ምድር ቤት ላለው ሰው የሚደውል መሣሪያ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚችው ተማሪዬ ባለችበት ሚኒያፖሊስ፣ አልበርት ቡትዝ የሚባል ሰው የምድጃውን የአየር ማስገቢያ በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራ፤ ዛሬ ሃኒዌል የምንለው ኩባንያ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ሰዓት ያለው፣ ሌሊት ዝቅ ጠዋት ከፍ የሚያደርግ ቴርሞስታት ከ1906 ጀምሮ አለ። ማለትም "ዘመናዊ" እያልን የምንገዛው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ገንዘብና ፖለቲካም ገብቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውሱ ሲመጣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሕዝቡን ቴርሞስታታችሁን 68 ፋራናይት ላይ አድርጉ አሉት፤ 20 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። በየካቲት 1977 ደግሞ ካርተር ሹራብ ለብሰው ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ቀን 65፣ ሌሊት 55 አድርጉ አሉ። ወደ 18ና 13 ሴንቲግሬድ። የሹራቡ ነገር ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። የአገር መሪ ራሱ ሹራብ ደርቦ ነው ሙቀቱን ቀንሱ ያለው። የእኛ እናቶች "ጋቢ ደርብ" ከሚሉት በምን ይለያል?

እኔ የተሳሳትኩበት

ይሄን ሁሉ በስልክ ከተነተንኩ በኋላ በኩራት "ስለዚህ ሁላችሁም ሥራ ስትሄዱ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12፣ ዝቅ አድርጉት፤ ሌላው ዝርዝር ነው" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፦

"ቲቸር፣ ቤቱ እኮ ባዶ ሆኖ አያውቅም።"

"እንዴት?"

እሷ ቀን መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ሁለተኛዋ ከሰዓት በኋላ ወጥታ እስከ ሌሊት ታክሲ ትነዳለች። ሦስተኛዋ፣ ያቺ "እንደበራ ይቆይ" ያለችው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሽፍት ናት። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ ጠዋት ነው የምትገባው። የምትተኛው ቀን ነው።

አዲሱ ቴርሞስታት ከፋብሪካ ሲወጣ ሰዓት ተሞልቶለት ነው የመጣው፦ ጠዋት በእነሱ አቆጣጠር 6 ላይ ንቁ፣ 8 ላይ ውጡ፣ ማታ 6 ላይ ግቡ፣ 10 ላይ ተኙ። ተማሪዬ እሱን ሳትነካ እንዳለ ተወችው። ስለዚህ ደክሟት የገባችው ልጅ 7 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዋ ውስጥ ትገባለች፤ 8 ሰዓት ላይ ማሽኑ "ሰው የለም" ብሎ ሙቀቱን ይጥለዋል። በሦስተኛው ቀን ኮቷን ለብሳ ነቃች። ተነስታ ወደ ላይ ሰቅላ "ሆልድ" ተጫነች። ማታ ተማሪዬ መጥታ መለሰችው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሐበሻ፣ ለብቻ ለብቻ ቡና!

እና ያቺ ልጅ አንድ ቀን "ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሌ ውስጥ ልተኛ ምንም አልቀረኝ" አለቻት።

እኔ ያኔ ነው የቀዘቀዝኩት። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

እስቲ አስቡት። ያ እቃ ሲሠራ አንድ ዓይነት ቤተሰብ በአእምሮው ይዞ ነው የተሠራው፤ ጠዋት ሁሉም የሚወጣ፣ ማታ ሁሉም የሚገባ፣ ሌሊት ሁሉም የሚተኛ። የስደተኛ ቤት እንደዚያ አይደለም። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ አልጋ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይተኛል። የዚያ ቤት "ቁጠባ" ማለት በተግባር የሌሊት ሽፍት የምትሠራዋ ልጅ ብርድ ማለት ነው። ማሽኑ ገንዘብ አልቆጠበም፤ የሦስት ሰው ወጪ አንዷ በገላዋ እንድትከፍል አደረገ። እኔም በስሌቴ ያንኑ ነው ያደረግኩት፤ ልዩነቱን፣ ሰዓቱን፣ በመቶኛውን ስቆጥር ሰውን ሳልቆጥር ቀረሁ። "እንደበራ ይቆይ" ያለችው ልጅ ምክንያቷ ስህተት ነበር፣ ጉዳይዋ ግን ትክክል ነበር። ክፍል ውስጥም እንደዚህ የሚሆን ተማሪ አለ፣ እና አስተማሪ ቶሎ ኤክስ ያደርግበታል።

አሁን ሒሳቡን በሐቅ እንሥራ

ከ168 ዶላሩ ውስጥ የተወሰነው ውሃ ማሞቂያና ምድጃ ነው። ማሞቂያው 140 ዶላር ያህል ወሰደ እንበል። ሌሊት ለ8 ሰዓት 4 ዲግሪ ቢቀንሱ፣ 5 በመቶ፣ 7 ዶላር። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ በፈረንጅ 7 ወር፣ በአማካይ 6 ዶላር ብንል 42 ዶላር በዓመት። ለአንዷ 14 ዶላር ነው የሚደርሳት። የእቃው ዋጋ ለአንዷ 43 ዶላር። ወጪዋን ለመመለስ 3 ዓመት ይፈጅባታል። የኪራይ ውላቸው ስንት ነው? አንድ ዓመት!

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይሄ ነው። የራሱ ቤት ያለው፣ ሰዓቱ የማይለዋወጥ፣ ሙሉ ቤተሰቡ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ግን የሚረሳ ሰው ይግዛ፤ ያዋጣዋል። ተከራይ፣ ደባል፣ ሽፍቱ የተደበላለቀ ሰው ግን ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያውለው። አንዳንድ ቦታ የመብራትና የጋዝ ድርጅቶች በቅናሽ ወይም በነፃ ይሰጣሉ፤ በነፃ ከመጣ እሰየው፤ የፋብሪካውን ሰዓት ግን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ሙሉ።

"14 ዶላር ምን ናት?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እናቷ ወር ጠብቃ የምትላክላትን ገንዘብ የምታውቅ ልጅ ስለ 14 ዶላር ብትጣላ አልፈርድባትም። ግን ቁጠባው በነፃ ሊገኝ ሲችል ነው የማዝነው።

ለደባሎቹ የነገርኳቸው

1ኛ፦ ከማሽኑ በፊት ወረቀት። ማን መቼ እንደሚተኛ፣ ማን መቼ እንደሚወጣ ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። ሦስታችሁም የሌላችሁበት ወይም ያለው ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ የሆነበት ሰዓት ካለ፣ ቁጠባው እዚያ ነው። የእነሱ ቤት ሲታይ የተገኘው ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋት 12 ሰዓት (በፈረንጁ ከ1 እስከ 6) ነው። ሹፌሯ ገብታ ተኝታለች፣ ተማሪዬ ተኝታለች፣ ሦስተኛዋ ሥራ ላይ ናት። አምስት ሰዓት ብቻ! ይበቃል። ቀን ግን ቤቱ የሌሊት ሠራተኛዋ ነው፣ ዝቅ የሚለው እሷ ስትፈቅድ ነው።

2ኛ፦ ቀዳዳውን ድፈኑ። ጀሪካኑ የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ ቀዳዳው ነው የሚደፈነው። የመስኮት ፕላስቲክና የበር ስር መድፈኛ ከቴርሞስታቱ በጣም ይረክሳል፣ ደግሞ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል፣ የማንንም እንቅልፍ አይነካም። ፀሐይ ያለበትን መጋረጃ ቀን ክፈቱ፣ ሲመሽ ዝጉ። ሙቀት የሚወጣበትን መስመር በሶፋ አትድፈኑት።

3ኛ፦ ከመንካታችሁ በፊት የማሞቂያውን ዓይነት እወቁ። በጋዝ የሚሠራው ላይ ማውረድና ማውጣት ችግር የለውም። ሂት ፓምፕ የሚባለው ላይ ግን ብዙ አውርዳችሁ በአንዴ ከፍ ስታደርጉት፣ አጋዥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳና የቆጠባችሁትን ይበላዋል። ግድግዳ ስር የሚሄደው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደግሞ ብዙ ጊዜ 240 ቮልት ነው፤ ሱቅ ያለው ተራ ቴርሞስታት ግን ለ24 ቮልት የተሠራ ነው። "ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ" ብላችሁ እንዳትፈቱት፣ እሳት ነው። አከራዩ ባለሙያ ያምጣ።

4ኛ፦ ጨርሶ አታጥፉ። ከ55 ፋራናይት (13 ሴንቲግሬድ) በታች አታውርዱት። ግድግዳ ውስጥ ያለው የውሃ ቱቦ በረዶ ሆኖ ከፈነዳ የአሥር ዓመት ቁጠባ በአንድ ሌሊት ይሄዳል።

5ኛ፦ ቢሉ ካቃታችሁ ዝም አትበሉ። ሚኔሶታ ውስጥ ከጥቅምት 1 እስከ ሚያዝያ 30 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከድርጅቱ ጋር የክፍያ ስምምነት አድርጎ ያንን የሚጠብቅ ቤተሰብ ማሞቂያው እንዳይቆረጥበት የሚከላከል ደንብ አለ። ደንቡ በራሱ አይሠራላችሁም፣ ደውላችሁ መስማማት አለባችሁ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ደግሞ የማሞቂያ ወጪ ድጎማ አለ፣ ተከራይም ማመልከት ይችላል። እኛ ሐበሾች "ተቸገርኩ" ማለት ያሳፍረናል፤ ከሰል ማቀጣጠል ግን አያሳፍረንም!

ከሰሉ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ትቶ እሱን አጥብቆ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ። የተኛ ሰው ራስ ምታቱንም አይሰማም፣ በዚያው ይቀራል። ከሰሉ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ "በሰለ" ስንል እንኳን ጋዙ አለ። እዚህ ደብረ ብርሃንም፣ አዲስ አበባም ማንደጃ ይዞ የተኛ ሰው ጠዋት ሬሳው እንደሚወጣ ሁላችንም ሰምተናል። የእኛ ቤት ግን ቢያንስ በቆርቆሮውና በበሩ ስር አየር ይገባዋል። የሚኔሶታ ቤት ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የተደፈነ ነው፣ ጋዙም አይወጣም።

የጋዝ ምድጃውን ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም ያው ነው፣ አይደረግም። ለቡና ከሰል ካማራችሁ ውጭ ይሁን፤ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ቤታችሁ ውስጥ መኖሩን፣ ባትሪውም መሥራቱን ዛሬውኑ እዩ። እሱ ከማንኛውም ቴርሞስታት ይቀድማል። ቁጠባ ሰውን ወደ ከሰል ከገፋ፣ ቁጠባ አይደለም።

እኛስ እዚህ?

"ቲቸር፣ እኛ ማሞቂያ የለን፣ ምን አገባን" የምትሉ አላችሁ። ቦይለርስ? 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ወደ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 1.5 ኪሎዋት በሆነ ቦይለር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጠዋት ለምትታጠቡት ሻወር ሃያ አራት ሰዓት ሲያበሩ የሚውሉ ቤቶች አውቃለሁ፤ "እንደገና ማሞቅ ይብሳል" ብለው! ያቺው የጀሪካን ነገር ናት። መብራት ደግሞ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፣ ብዙ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋትም የበለጠ ይከፍላል። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩ፣ ስትጨርሱ አጥፉ። እጃችሁ በነፃ የተሰጠ ፕሮግራም ነው።

ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ ኤሲውን 20 ላይ ሰቅላችሁ ብርድ ልብስ የምትለብሱም እናንተው ናችሁ። ውጭ 35 ሲሆን፣ 20 ላይ ያለ ቤት ልዩነቱ 15 ነው፤ 26 ላይ ያለ 9። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀት በ40 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። እዚያም ቢሆን ግን ቀን የሚተኛ የሌሊት ዘበኛ ወይም ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ትናንት ተማሪዬ የፍሪጁን ፎቶ ላከችልኝ። ወረቀቱ ተለጥፏል። ሰዓቶቹን የጻፈችው የሌሊት ሠራተኛዋ ናት፣ በቀይ እስክሪብቶ "ቀን የእኔ ነው" ብላ አስምራበታለች። የ129 ዶላሩን ነገር ገና አልተስማሙም። እኔ "እቃውን መልሺና የመስኮት ፕላስቲክ ግዢበት" ብያት ነበር፤ ደረሰኙን ጥላዋለች። ሁለቱ 20፣ 20 ዶላር ቢሰጧት፣ የቀረውን እሷ ሳትጠይቅ ለገዛችው ትክፈል የሚል ነው የእኔ ፍርድ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ብርድ አገር ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ደግሞ ቢያንስ የከሰሉን ክፍል አድርሱልኝ።

ሰላም እደሩ። እኔ ጋቢዬን ልደርብ።